ውሻ ማስከተብ፦ የትኛውን በሽታ፣ መቼ፣ በየስንት ጊዜ?

"ውሻዬ በየዓመቱ መከተብ አለበት ወይ?" ለሚል ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ የለም። ክትባት የሚባለው አንድ ነገር አይደለምና። በአንድ መርፌ ውስጥ የአራትና የአምስት በሽታ መከላከያ አብሮ ሊሰጥ ይችላል፤ የእያንዳንዱ መከላከያ ዕድሜ ግን ለየቅል ነው። አንዱ ከተሰጠ ለዓመታት ይዘልቃል፣ ሌላው ዓመት ሳይሞላው ይዳከማል። ሁሉንም በየዓመቱ የሚያስወጋ ሰው ገንዘቡን ከሚገባው በላይ ያወጣል። "ግቢዬ ዝግ ነው" ብሎ ጨርሶ የተወ ደግሞ ውሻውንም ቤተሰቡንም ለአደጋ ይተዋል።

በአገራችን ዋናው ስሕተት ድግግሞሹ ላይ እንኳ አይደለም። ቡችላው በሁለት ወሩ አንዴ ተወግቶ "ተከትቧል" ተብሎ ይተዋል፤ ያ የመጀመሪያው መርፌ ግን ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው። ለምን ከንቱ እንደሚሆን ወደ ቡችላው ፕሮግራም ስንደርስ እንመጣበታለን።

ደረጃ 1፦ ዕድሜውንና ታሪኩን ያረጋግጡ

የቡችላ ክትባት በሳምንት ነው የሚቆጠረው። ሻጩ "ሁለት ወሩ ነው" ቢልዎትም አፉን ከፍተው ይዩ። የወተት ጥርሶቹ ሙሉ በሙሉ ከወጡ 8 ሳምንት ገደማ ደርሷል። የፊት ጥርሶቹ እየወለቁ በትልልቅ መተካት ከጀመሩ ወደ 4 ወር ተጠግቷል። ትልልቆቹ ክራንቻዎች ከወጡ ደግሞ 6 ወር አካባቢ ነው። በሁለት ግምት መካከል ከተቸገሩ አነስተኛውን ዕድሜ ይያዙ፤ አንድ መርፌ መጨመር ጉዳቱ ጥቂት ነው፣ አንድ መርፌ ማጉደል ግን ቡችላውን ሊያስገድል ይችላል።

ታሪኩን በተመለከተ "ተከትቧል" የሚል ቃል አይበቃም። የሚታመነው ከብልቃጡ ተልጦ የተለጠፈ ወረቀት ያለበት፣ የተሰጠበት ቀን የተጻፈበትና የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ካርድ ነው። ካርድ ከሌለ እንዳልተከተበ ይቁጠሩት። ቀድሞ የተከተበን ውሻ ደግሞ ማስከተብ በአብዛኛው ጉዳት የለውም።

ደረጃ 2፦ በሽታዎቹን ለያይተው ይዩ

የእብድ ውሻ በሽታ። እዚህ ላይ ምርጫ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም በየዓመቱ 59,000 ገደማ ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ከመቶ 99ኙ የያዛቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለሰውም ለውሻም የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታው ዛሬም በከተማም በገጠርም አለ። ከግቢ የማይወጣ ውሻም አያመልጥም፦ ባለቤት የሌለው ውሻ በአጥር ሥር ይገባል፣ ድመት አጥር ትዘላለች፣ ሌሊት ጅብ በሚዞርበት ሰፈር ጅብም ሊነክስ ይችላል። "ክትባት የጥበቃ ውሻን ያደነዝዛል" የሚል ወሬ አለ፤ መሠረት የለውም።

ዲስቴምፐር፣ ፓርቮና የውሻ ሄፓታይተስ። እነዚህ ሦስቱ ቫይረሶች አንድ ላይ ተጣምረው ይሰጣሉ። የእንስሳት ሐኪሞች ዓለም አቀፍ መመሪያዎች የትም ቦታ ያለ ውሻ ሁሉ ሊከተባቸው ይገባል የሚሏቸው ናቸው። ፓርቮ ቡችላውን በደም ተቅማጥና በማያቋርጥ ማስመለስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። ቫይረሱ አፈርና ወለል ላይ ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል በእርስዎ ጫማ ተሸክመው ግቢ ሊያስገቡት ይችላሉ። ዲስቴምፐር ከዓይን ኩስና ከንፍጥ ይጀምርና ወደ ሳል፣ ከዚያም ወደ መንቀጥቀጥ ይሄዳል። የነርቭ ምልክቱ የእብድ ውሻ በሽታን ስለሚመስል የሚንቀጠቀጥና የሚለሀጭ ውሻ ካዩ የትኛው እንደሆነ ለመለየት እጅዎን ወደ አፉ አያስገቡ። የሄፓታይተሱ ክትባት የሚሠራው በሽታ አምጪው ከሆነው አዴኖቫይረስ 1 ሳይሆን ዘመዱ ከሆነው ከአዴኖቫይረስ 2 ነው፤ የድሮው ክትባት የአንዳንድ ውሾችን ዓይን ሰማያዊ ስለሚያደርግ ነው የተተወው።

ሌፕቶስፓይሮሲስ። ባክቴሪያ ነው፤ በአይጥና በሌሎች እንስሳት ሽንት በተበከለ ውኃ ይተላለፋል። ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳል፣ ወደ ሰውም ይሻገራል። ክረምት ላይ ውኃ በሚተኛበት ግቢ፣ እህል በሚከማችበት መጋዘን፣ ከብት ባለበት በረት የሚውል ውሻ ያስፈልገዋል። አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ በማሰሪያ ብቻ የሚወጣ ትንሽ ውሻ ሥጋቱ ዝቅ ይላል። በእኛ ግምት ግን የአይጥ ብዛትና የፍሳሽ ሁኔታ ሲታይ ለአብዛኛው የከተማ ግቢ ውሻ ቢሰጥ ይሻላል።

የማረፊያ ቤት ሳል። ብዙ ውሾች በሚገናኙበት የሚዛመት የመተንፈሻ በሽታ ነው። ባለቤቱ ሲሄድ በውሾች ማቆያ ለሚያድር ወይም በማሠልጠኛ ከብዙ ውሾች ጋር ለሚገናኝ ውሻ ብቻ ያስቡበት። ለአንጀት ኮሮና ቫይረስ የሚሸጠውን ክትባት ግን መመሪያዎቹ አይመክሩትም፤ ቢጠየቁ "አይ" ይበሉ።

ብልቃጡ ላይ የሚያዩዋቸው ፊደላት እነዚህን ነው የሚያመለክቱት፦ ዲ ዲስቴምፐር፣ ኤች ሄፓታይተስ፣ ፒ ፓርቮ፣ ፒ አይ ፓራኢንፍሉዌንዛ (ሳል የሚያመጣ ቫይረስ)፣ ኤል ሌፕቶ፣ አር ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ። ከመወጋቱ በፊት ብልቃጡን ጠይቀው ያንብቡ። "አጠቃላይ ክትባት ሰጥተነዋል" የሚል መልስ ምንም አይነግርዎትም።

ደረጃ 3፦ የቡችላው ፕሮግራም

ቡችላ እንደተወለደ የሚጠባው እንገር ከእናቱ የመጣ አንቲቦዲ (በሽታን የሚከላከል ንጥረ ነገር) አለው። ያ ስንቅ ነው፤ በ10 ቀን ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ስንቁ እስካለ ድረስ በመርፌ የገባውንም የተዳከመ ቫይረስ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋዋል፣ ቡችላው የራሱን መከላከያ ሳይሠራ ይቀራል። ከዚያ ደግሞ ስንቁ በሽታውን ለመከላከል የማይበቃ፣ ክትባቱን ለማክሸፍ ግን የሚበቃ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ብዙ ቡችላ በፓርቮ የሚሞተው በዚህ መካከል ነው። ስንቁ የሚያልቅበት ቀን ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ አንዱ በ8 ሳምንቱ ያልቅበታል፣ ሌላው እስከ 16 ሳምንት ይዞት ይቆያል። ስለዚህ ተደጋግሞ የሚሰጠው አንዱ መርፌ ሌላውን "ለማጠናከር" አይደለም፣ ክፍቱን በር ለማግኘት ነው። ዋናው መርፌም የመጀመሪያው ሳይሆን 16 ሳምንት ከሞላ በኋላ የሚሰጠው የመጨረሻው ነው።

የሦስቱን ቫይረሶች ጥምር ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ያስጀምሩ። ከዚያ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየደገሙ 16 ሳምንት እስኪሞላው፣ ወይም ከዚያ ጥቂት እስኪያልፍ ይቀጥሉ። ከ2 ሳምንት ባነሰ ልዩነት መድገም ግን አይጠቅምም፤ የፊተኛው ክትባት የኋለኛውን ሊያከሽፍ ይችላል። ለእብድ ውሻ በሽታ የመጀመሪያው መርፌ ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ይሰጣል።

በእኛ አቆጣጠር ማስላት ቀላል ነው፤ ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ። መስከረም 1 የተወለደ ቡችላ እንበል። 8 ሳምንቱ ጥቅምት 27 ይሞላል፤ የመጀመሪያው ጥምር ክትባት ያኔ ነው። 12 ሳምንቱ ኅዳር 25 ነው፤ ሁለተኛው ጥምር፣ የመጀመሪያው የእብድ ውሻ ክትባትና የመጀመሪያው ሌፕቶ። 16 ሳምንቱ ታኅሣሥ 23 ነው፤ ሦስተኛው ጥምር፣ ሁለተኛው ሌፕቶና፣ በሽታው በብዛት ባለበት አካባቢ፣ ሁለተኛ የእብድ ውሻ ክትባት። ታኅሣሥ 20 ሐኪሙ ጋ ቢደርሱና "ሦስት ቀን ነው፣ ይወጋ" ቢልዎት "ሦስት ቀን እንጠብቅ" ይበሉ። በ16 ሳምንት ላይ ማርፈድ ይሻላል እንጂ መቅደም አይሻልም።

በመጨረሻም በ26 ሳምንት፣ ለዚህ ቡችላ መጋቢት 3 ወይም ከዚያ በኋላ፣ አንድ ጥምር ክትባት ይድገሙ። ድሮ ይህ መርፌ ዓመት ሲሞላ ነበር የሚሰጠው። በ16 ሳምንትም ስንቁ ያላለቀላቸው ጥቂት ቡችሎች እስከ ዓመት ድረስ ሳይጠበቁ እንዳይቆዩ ነው ወደ 6 ወር የቀረበው።

ገንዘብ ከጠበበ ማስቀረት የሚቻለው መጀመሪያ ላይ ያለው መርፌ ነው። አንድ ጥምር ክትባት ብቻ ማስወጋት የሚችሉ ከሆነ 16 ሳምንት ሞልቶት ያስወጉት፤ እስከዚያ ቡችላውን ከማይታወቅ ውሻና ከመንገድ አፈር ይጠብቁ። የእብድ ውሻ ክትባቱን ግን አይቀንሱ።

ጥበቃ ሲባል ግን ቡችላውን ክፍል ውስጥ መዝጋት ማለት አይደለም። ከ3 እስከ 14 ሳምንት ባለው ዕድሜ ሰው፣ ድምፅና ሌላ እንስሳ ያላየ ቡችላ ሲያድግ ፈሪና ተናካሽ ይሆናል። አቅፈው ወደ ጎረቤት ይውሰዱት፣ ካርዱን ካዩት የተከተበ ውሻ ጋር ያጫውቱት። የማያውቋቸው ውሾች በሚጸዳዱበት መሬት ላይ ብቻ አያስቀምጡት።

ግቢዎ ውስጥ በፓርቮ የሞተ ውሻ ካለ አዲስ ቡችላ ፕሮግራሙን ሳይጨርስ አያምጡ። ወለሉን መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ ይጠቡ፣ ቆሻሻ ላይ በረኪና አይሠራም። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውኃ ቀላቅለው ያርጥቡትና ቢያንስ 10 ደቂቃ ይተዉት። የአፈር ግቢ በዚህ አይጸዳም፤ ፀሐይና ጊዜ ብቻ ናቸው የሚያጸዱት። የሆድ ትላትል መድኃኒትንም አይርሱ፤ በትል የተጎሳቆለ ቡችላ ክትባት ቢወስድም ጥሩ መከላከያ አይሠራም። ከ2 ሳምንቱ ጀምሮ እስከ 8 ሳምንት በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ ይሰጣል።

ደረጃ 4፦ ለአዋቂ ውሻ በየስንት ጊዜ?

ታሪኩ የማይታወቅ አዋቂ ውሻ ከመጣልዎ ነገሩ ቀላል ነው። ከእናቱ የወሰደው ስንቅ ካለቀ ቆይቷልና ለዲስቴምፐር፣ ለፓርቮና ለሄፓታይተስ አንድ መርፌ በአብዛኛው ይበቃዋል። ለእብድ ውሻ በሽታም አንድ። ሌፕቶ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ካልተሰጠ የመጀመሪያው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

ፕሮግራሙን ለጨረሰ ውሻ ሦስቱ ቫይረሶች ከ3 ዓመት ባነሰ ጊዜ አይደገሙም። የተዳከመ ሕያው ቫይረስ የያዘ ክትባት በሚገባ ከያዘ መከላከያው ብዙ ዓመት ይቆያል፤ በየዓመቱ መድገም መከላከያውን አይጨምረውም። ዓመታዊ ምርመራ ግን ልማዱ ይቀጥል፦ ጥርስ፣ ልብ፣ ክብደት ይታይ፣ ክትባቱ ግን በየተራው። የውጭ አገር ክሊኒኮች ዘንድ በደም ምርመራ የእነዚህን ሦስት በሽታዎች መከላከያ መጠን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ እዚያ የሚኖር አንባቢ "መድገም ያስፈልገዋል ወይ?" ብሎ ከመጠርጠር አስለክቶ መወሰን ይችላል። ለሌፕቶ እንዲህ ያለ ልኬት አይሠራም።

ሌፕቶ በየዓመቱ ነው። እንደ ምሳሌው ቡችላ በታኅሣሥ የጨረሰ ውሻ ከሆነ ቀጣዩን ወደ ግንቦት አምጥተው ከዚያ በኋላ በየግንቦቱ ቢያደርጉት ዝናቡ ሳይገባ ይደርሳል። ከ15 ወር በላይ ካለፈው ብዙ ሐኪሞች ሁለቱን መርፌ እንደ አዲስ ያስጀምራሉ።

የእብድ ውሻ ክትባት ላይ ሰው ይወዛገባል። ከመጀመሪያው መርፌ ዓመት ሲሞላ መድገም ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በምርቱ ይወሰናል፤ አንዳንዱ ለ1 ዓመት፣ አንዳንዱ ለ3 ዓመት ይጸድቃል፣ በእሽጉ ውስጥ ያለው ወረቀት ይናገራል። አሜሪካ ብዙ ግዛቶች የ3 ዓመቱን ይቀበላሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን በየዓመቱ እንዲሰጥ እንመክራለን። ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው። በሽታው በየመንደሩ ስላለ ውሻው ሊነከስ የሚችልበት ዕድል ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛ፣ ክትባቱ ከፋብሪካ ወጥቶ እስኪወጋ ድረስ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መምጣቱን ባለቤቱ ማረጋገጥ አይችልም፤ አንዱ መርፌ ቢከሽፍ ሦስት ዓመት ያለ መከላከያ መቆየት ከባድ ነው። የ3 ዓመት ምርት መሆኑ በካርድ ላይ የተለጠፈ፣ የክሊኒኩንም ፍሪጅ የሚያምኑት ከሆነ ግን የ3 ዓመቱን መከተል ስሕተት አይሆንም።

ወረዳዎች የሚያካሂዱት የዘመቻ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታን ብቻ ነው። ይጠቀሙበት፣ ግን ቀኑን የሚያሳይ ወረቀት ሳይቀበሉ አይሂዱ፣ ፓርቮም ተሰጥቶታል ብለው አያስቡ። ዘመቻው ትርጉም የሚኖረው በአካባቢው ካሉ ውሾች ከመቶ 70 ገደማ ሲከተቡ ነውና ጎረቤትዎንም ይዘው ይሂዱ። በገጠር ለሚኖር የእረኛ ውሻም ነገሩ ከቤት ያልፋል፤ ባሌ ተራሮች ላይ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ዲስቴምፐር ደግሞ በ2010 ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል።

ደረጃ 5፦ መርፌው ከመወጋቱ በፊት

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሙቀት የተዳከመውን ሕያው ቫይረስ ይገድለዋል፤ በረዶ ደግሞ የእብድ ውሻ ክትባትን ያበላሻል። ብዙ ሰው ሙቀቱን ብቻ ነው የሚፈራው። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ "ፍሪጃችሁ ቴርሞሜትር አለው? መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?" ብለው ቢጠይቁ ነውር የለውም፤ ጥሩ ክሊኒክ ቅር አይሰኝም። ክትባቱን ራስዎ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው የሚወስዱ ከሆነ በላስቲክ ይዘው አይዙሩ። ፔርሙዝ ወይም የበረዶ ሳጥን ውስጥ፣ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ብልቃጡ በረዶውን ሳይነካ ይውሰዱት።

ክሊኒኩ ውስጥ እነዚህን ይመልከቱ፦ የሚያበቃበት ቀን አላለፈም? ዱቄቱ የሚሟሟው አብሮት በመጣው ፈሳሽ ነው? ከሟሟ በኋላ ወዲያው ተወጋ? ሟሙቶ ከጠዋት ጀምሮ በሲሪንጅ ተዘጋጅቶ የቆየ ካለ አይቀበሉት። ለአንድ ውሻ አንድ አዲስ መርፌ። የሚወጋበት ቆዳ በአልኮል አይጠረግም፣ አልኮል ሕያው ክትባቱን ሊያጠፋው ይችላልና። ቆሻሻ ካለው በውኃ ታጥቦ ይድረቅ።

መጠኑ በክብደት አይለካም። ለአራት ኪሎ ውሻም ለ45 ኪሎ ጀርመን ሼፐርድም በአብዛኛው አንድ ሚሊ ሊትር ያው ነው። "ትንሽ ስለሆነ ግማሽ እንስጠው" ወይም "አንዱን ብልቃጥ ለሁለት ውሻ እናካፍል" ማለት ሁለቱንም ሳይከተቡ መተው ነው።

ደረጃ 6፦ የሚወጋበት ቀን

ትኩሳት ያለው፣ ያልበላ፣ የሚያስመልስ ወይም የሚያስቀምጠው ውሻ ድኖ ይከተብ። ያረገዘች ውሻ ሕያው ቫይረስ የያዘ ክትባት አትወጋም። ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) የሚወስድ ውሻ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። የሚናከስ ከሆነ አፉን የሚያስር ጨርቅ ይዘው ይሂዱ፤ በዘበኛ እጅ ብቻ የሚያዝ ውሻ ከሆነ ዘበኛው አብሮ ይምጣ።

ከመወጋቱ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ክሊኒኩ አካባቢ ይቆዩ። ፊቱ ካበጠ፣ ቆዳው ላይ እብጠቶች ከወጡ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ውሻው ከወደቀ ወዲያውኑ ይመለሱ፤ ይህ ከባድ አለርጂ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ መርፌ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ጥቂት ነው። ለአንድ ሁለት ቀን መደበት፣ ጥቂት ትኩሳትና በተወጋበት ቦታ ትንሽ ጉብታ ግን የተለመደ ነው፣ ጉብታው በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ከአራት ሳምንት በኋላም ካልጠፋ ወይም ካደገ ያሳዩት።

ቀድሞ ከባድ አለርጂ ያጋጠመው ውሻ ከሆነ ሐኪሙ ክትባቶቹን ከ2 ሳምንት በላይ ልዩነት ለያይቶ ሊሰጥ ይችላል፤ በተለይ ትናንሽ ዝርያዎች በአንድ ቀን ብዙ መርፌ ሲወጉ አለርጂ የመያዝ ዕድላቸው ይጨምራል።

ከዚያ በኋላ ካርዱን ፎቶ አንሥተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። የሚቀጥለውን ቀን በአማርኛውም በፈረንጁም አቆጣጠር ይጻፉ፤ "ጥር 5" ብሎ ዓመት ሳይጽፍ የተተወ ካርድ ብዙ ነው።

ውሻዎ ቢነከስ ወይም ሰው ቢነክስ

ክትባቱ ያላለፈበት ውሻ የተጠረጠረ እንስሳ ከነከሰው ወዲያው አንድ የእብድ ውሻ መርፌ ይደገምለትና ለ45 ቀን በቤት ተይዞ ይታያል። ያልተከተበ ከሆነ አስከፊ ነው፤ የአሜሪካ የጤና መመሪያ እንዲገደል ወይም ለ4 ወር ከሰውና ከእንስሳ ሙሉ በሙሉ ተለይቶ እንዲቆይ ይላል። ይህ አንድ አንቀጽ ብቻ የዓመታዊውን መርፌ ዋጋ ያሳያል።

ውሻዎ ሰው ከነከሰ፣ ቢከተብም ባይከተብም፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠቡና ተነካሹን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ። አዲስ አበባ ውስጥ "ፓስተር ውሰዱት" የሚባለው ለዚህ ነው። ውሻው ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ፤ በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በምራቁ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። አይግደሉት፤ ከገደሉት የተነካሹን ዕድል ማወቅ ከባድ ይሆናል። ሰውየው ግን ሕክምናውን ለመጀመር 10 ቀኑን አይጠብቅም።

ውሻውን ወደ ውጭ ለሚወስዱ

እዚህ ላይ የክትባት ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ማይክሮችፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ፣ መለያ ቁጥር የያዘ ጥቃቅን መሣሪያ) ከእብድ ውሻ ክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ቀን መግባት አለበት፤ ክትባቱ ቀድሞ ከተሰጠ ለጉዞ አይቆጠርም፣ እንደገና ይወጋል። ውሻው ሲከተብ ቢያንስ 12 ሳምንት የሞላው መሆን አለበት።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች፦ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ በኅብረቱ ወደ ጸደቀ ላቦራቶሪ ይላካል፣ የመከላከያው መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም በላይ መሆን አለበት፤ ከዚያ ደም ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ይጠበቃል። በጠቅላላው ከአራት ወር በላይ ያስፈልግዎታል። ማጠናከሪያው ቀኑ ካለፈ ምርመራው እንደገና ይጀመራል፤ ካላለፈ ግን አንዴ ያለፈ ውጤት ለዘለቄታው ያገለግላል።

ወደ አሜሪካ፦ ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ደንቡን አጥብቋል። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ውሻው ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ማይክሮችፕ ያለውና በተፈቀደ ሐኪም ተፈርሞ በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጸደቀ የክትባት ቅጽ የያዘ መሆን አለበት። የሚገባውም ዋሽንግተን ዳለስን ጨምሮ የተመዘገበ የእንስሳት ማቆያ ባለባቸው ጥቂት አየር ማረፊያዎች በኩል፣ ማቆያው ቦታ ይዞለት ነው። የደም ምርመራ ካለው፣ ደሙ ከክትባቱ 30 ቀን በኋላና ከመግባቱ ቢያንስ 28 ቀን በፊት የተወሰደ መሆን አለበት። ከሌለው በማቆያው 28 ቀን በባለቤቱ ወጪ ይቆያል። ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የደንቡን የዕለቱን ይዘት ከማዕከሉ ገጽ ላይ ያንብቡ፤ በክሊኒኩ ካርድ ላይ ያለው የማይክሮችፕ 15 አሃዝ ቁጥር በቅጹ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑንም አንድ በአንድ ያመሳክሩ። አንድ አሃዝ ብትዛነፍ ውሻው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሊመለስ ይችላል።